በስኮትላንድ የታረደው አውራ ዶሮ

አባ ዋኘው ቢላቸውን በነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁን በፎጣ፣ ፎጣውን በክረምት ካፖርታቸው ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ፣ ሚስታቸው ደጊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር።

«እዚያ አገር ቢላ የለም አሉዎት?» አለች።

«ቢላማ ሞልቷል። ይኼ የለም።»

«ኤርፖርት ላይ ቢይዙዎትሳ? በስተርጅና አሸባሪ ተብለው ስምዎ በሬዲዮ ይነገር?»

«ልጅሽ ሜራቭ ጠይቃለች። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚጫነው ሻንጣ ከሆነ በሰደር ነው፣ ችግር የለውም ብላለች።»

«ለሜራቭ ምኑ በሰደር ያልሆነ አለ» አለችና ደጊቱ ተነሥታ የበርበሬውን ከረጢት ከካፖርቱ ሥር ወሸቀችው። ነሐሴ ነበር፤ እስራኤል አገር ዋናው የሙቀት ወር። ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሻአሪያ ሰፈር ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በነሐሴ ካፖርት ሲነካ እጁ ያልበዋል። አባ ዋኘው ግን ፊታቸው ላይ የሠርግ ጥሪ የደረሰው ሰው ደስታ ነበር።

ቢላው ከወገራ የመጣ ነው። የአባታቸው ነበር፤ እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ። አባ ዋኘው አገር ቤት ሳሉ የአይሁዶቹ መንደር ቄስ አልነበሩም፤ ነገር ግን ቄሱ ሩቅ አገር ሲሄዱ ወይም ሲያማቸው መንደሩ በጉንም ዶሮውንም የሚያስባርከው፣ የሚያሳርደው፣ እርሳቸው ዘንድ ነበር። እጃቸው የታመነ ነበር። አንድ መንደር አፉን ለአንድ ሰው እጅ አምኖ መስጠቱ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ሰው ካለ፣ የዚህ ሰውዬ ነገር አይገባውም።

በዚያ ወደ እስራኤል በአየር ባመጡን ጊዜ ሰው ሁሉ ጓዙን ጥሎ ሲመጣ፣ እርሳቸው ሕፃን ልጃቸውን ዳኒኤልን በጀርባቸው አዝለው፣ ቢላውን ከጋቢያቸው ሥር ጭናቸው ላይ አስረው ነው የተሳፈሩት። መጤ በሚያርፍበት ግቢ የመጀመሪያው በዓል ሲደርስ ጎረቤቱ አዋጥቶ በግ ገዛ፤ አባ ዋኘው ባረኩት፤ ሴቶቹ ድስት ጣዱ። ወጡ ገና ሳይወጣ አንድ ባለጢም ሰውዬ መጣ። ከየት እንደተላከ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈገግ እያለ ነው የተናገረው። «ይኼ ኮሸር አይደለም፤ በሕጉ አይበላም፤ አራጁ ፈቃድ የለውም» አለና ድስቱን በገዛ እጁ አንሥቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋው። ስንት ሽማግሌ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሽማግሌ መሬት መሬቱን አየ። በክርስቲያን አገር መካከል፣ በረሀብም በስደትም በሥርዓቱ ያልታረደውን ሳይበላ የኖረ ሕዝብ፣ ርስታችን ባለው ምድር በፈገግታ ብቻ አፉን ተዘጋ። ዛሬም የዚያን ቀን ነገር ሲነሣ «እንግዳ ነበርን፤ ምን እናድርግ» ይባላል። ድስቱን መያዝ ይቻል ነበር። ሁለት እጅ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተገኘላቸው። የት ቢባል ሮሽ ሃዓይን፣ ፋብሪካዎቹ መሃል ካለ የሥጋ ማምረቻ ቤት። ምን ሊሠሩ ቢባል ደም ሊያጥቡ። እጃቸው ለማረድ ኮሸር አይደለም፤ ሌላው ያረደውን ለማጠብ ግን ኮሸር ነው። የጎማ ቦት አጥልቀው፣ የውሃ ጎማ ይዘው፣ ወረቀት ያላቸው ወጣቶች ሲያርዱ እርሳቸው ከኋላ ከኋላ ወለሉን እያጠቡ ጡረታ ወጡ። አንድም ቀን ስለ እጃቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ሻአሪያ ውስጥ ዛሬም የአገር ቤቱን እርድ የሚበሉ ሽማግሌዎች አሉ። ለሲግድ በዓል ሰሞን እየመጡ «ዋኘው፣ ባርክልን እንጂ» ይሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን በዚያ ድስቱ በተደፋበት ቀን ለራሳቸው የማሉት ነገር ነበር፤ ልጆቼ ከእጄ ሳይበሉ ለሌላ ሰው አላርድም። ስለዚህ ቢላው ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። በየዓመቱ ለፋሲካ ያወጡታል፣ ይስሉታል፣ ይመልሱታል።

ልጁ ደግሞ ምን ሆነ? ዳኒኤልን ሃይማኖተኛ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለበዓል ሲመጣ በር ላይ ቆመና ውሃ እንኳ ከእናቱ ብርጭቆ አልጠጣም አለ። ደጊቱ በማግሥቱ ያላትን ድስት ሁሉ አውጥታ ጣለችና አዲስ ገዛች። አሁን ዳኒኤል ኪርያት አርዬ ባለ አንድ ትልቅ የሠራተኞች ምግብ ቤት ማሽጊያሕ ነው፤ ድስት እየከፈተ፣ ሥጋው ምን ማኅተም እንዳለው እያየ፣ ይበላል አይበላም የሚል። ባለጢሙን ሰውዬ ሊፈልግ የሚነሣ ሰው ካለ አይድከም። እቤታችን ነው ያደገው።

ታናሽ እህቱ ሜራቭ ደግሞ እዚያው ኪርያት አርዬ፣ መስታወት በመስታወት ከሆኑት ሕንፃዎች በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ሃይማኖት የሚባል ነገር አይነካካትም፤ ባሕር ያወጣውን ሁሉ ትበላለች። አባቷ ጡረታ ሲወጡ «አባዬ፣ ምን ላድርግልህ? የምትፈልገውን ንገረኝ» አለቻቸው።

«ምንም አልፈልግ።»

«ተናገር እንጂ። ሁልጊዜ ምንም፣ ምንም።»

«ሁላችሁን አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጬ፣ ባርኬ ባበላችሁ» አሉ።

ሜራቭ ያን ቀን አለቀሰች። የምታለቅስ ሰው ደግሞ ያልተፈቀደላትን ቃል ትሰጣለች። ለሥራ በምትመላለስበት አገር፣ በስኮትላንድ ገጠር ውስጥ ለእረፍት የሚከራይ የድንጋይ ቤት አገኘች፤ በግ በግራ፣ በግ በቀኝ፣ ዶሮ በደጃፉ። «እዚያ ማንም የለም፤ ወረቀት አምጣ የሚልህ የለም፤ የፎቅ ጎረቤት ደም አየሁ ብሎ ለማዘጋጃ ቤት አይደውልም» አለቻቸው።

«ዳኒኤልስ?»

«አነጋግሬዋለሁ። ይበላል። አንተ ብቻ አስቀድመህ አታንሣበት።»

ዳኒኤል ግን ለእህቱ ያላት «እናያለን» ብቻ ነበር። ሜራቭ በዚያ ቃል ውስጥ ያየችው ግን የወንድሟን እሺታ ሳይሆን የራሷን መልካምነት ነበር።

ቤቱ እንደተባለው ነበር። ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ከበስተጀርባው የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ማዶ ወይን ጠጅ የመሰለ አበባ የለበሰ ኮረብታ። ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ ጠጅ ይመስላል። በጎቹ ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። አባ ዋኘው ከመኪናው ወርደው ብርዱን ሲስቡ «ደባርቅ» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

የመጡት አምስት ነበሩ፦ አባ ዋኘው፣ ደጊቱ፣ ዳኒኤል፣ ሜራቭና የሜራቭ ልጅ ሮተም። የዳኒኤል ሚስትና ልጆች የሚበሉት እንዳያጡ ተብሎ ቀሩ። ዳኒኤል ራሱ አንድ ሻንጣ ሙሉ ቱና፣ ወረቀት ሳህን፣ የራሱን መጥበሻ ይዞ ነው የመጣው።

«ሱቅ ልትከፍት ነው?» አለችው ሜራቭ ሻንጣው ሲከፈት።

«አንቺ የበላሽውን ከበላሁማ ሱቁን ለአንቺ እተውልሻለሁ» አላት። ሁሉም ሳቁ። አባ ዋኘውም ሳቁ። ቱናው ለመንገድ ይሆናል ብለው ነበር ለራሳቸው የነገሩት።

የቤቱ ባለቤት ጉንጯ የቀላ፣ ያው የጎማ ቦት ያደረገች አሮጊት ናት፤ አባ ዋኘው ቦቷን አይተው የሥራ ባልደረባቸውን ያገኙ ያህል እጃቸውን ሰጧት። በማግሥቱ ጠዋት ሮተም እንቁላል ልትለቅም ገብታ አውራ ዶሮው እግሯን ነክሶ እያስጮኸ አባረራት። አሮጊቷ ሮጣ መጣችና ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ አባ ዋኘው።

ሜራቭ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «ይኼ ዶሮ እንግዳ ሁሉ እያባረረ አስቸግሮኛል፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱና ቀቅሉት አለች።»

አባ ዋኘው ዶሮውን አዩት። በግ ነበር ያሰቡት። ግን ነገሩ በራሱ መጥቷልና ምን ይላሉ? ገብተው ታጠቡ፤ ነጭ ነጠላቸውን ለበሱ፤ ቢላውን ከካፖርት፣ ከፎጣ፣ ከጨርቅ ፈቱት።

ከካቡ ሥር ዶሮውን እንደያዙ «ሜራቭ፣ ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?» አሉ።

ሜራቭ ስልኳን አውጥታ ዞር ዞር አለችና እጇን ዘረጋች። «በዚህ። በመኪናው በኩል።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደርሷ ሲጸልዩ የኖሩላት ከተማ፣ ከቤታቸው በአውቶቡስ የሚደረስባት ከተማ፣ ከተከራየ ግራጫ መኪና ኋላ ሆነች። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ተመለሰ። ቢላውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት። ዶሮው ዝም አለ። ደሙን በእጃቸው ጥቁር አፈር ዝቀው ሸፈኑት።

ቀና ሲሉ ዳኒኤል መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። በሩን ከፍቶ ወጣና አጠገባቸው መጣ፤ ቢላውን አየ፣ ሳይነካው ወደ ብርሃኑ ጎንበስ ብሎ አየው።

«አባ፣ ቆንጆ አድርገህ ነው ያረድከው» አለ።

አባ ዋኘው ቢላውን በነጭ ጨርቁ ጠረጉት። የሥጋ ቤቱን ሠላሳ ዓመት፣ የውሃ ጎማውን፣ የተደፋውን ድስት ያ አንድ ቃል ጠራርጎ ወሰደው። አያልቅም የተባለ ነገር እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብለው አሰቡ።

ደጊቱ ዶሮውን ስትሠራ ዋለች። ሽንኩርቱ በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ቀስ ብሎ በሰለ። እርሷ ደግሞ የራሷ ተስፋ ነበራት። ዳኒኤል ልጅ ሳለ እንዳስተማራት ሥጋውን በደረቅ ጨው ድፍን አድርጋ ሸፈነችው፤ ደሙ ይውጣ፣ እንደ ሕጋቸው ይሁን፣ ምናልባት ይኼን ሲያይ ልቡ ይራራ ይሆናል ብላ። ፔታህ ቲክቫ ዶሮ የሚሸጠው ይኼን ሁሉ ጨው አልፎ፣ ታጥቦ፣ ታሽጎ ስለሆነ እጇ ይህን ሥራ ረስቶታል። አጠበችውና ወጡ ውስጥ ጨመረችው። በርበሬው ሲፈጭም ጨው የገባበት ነው። ከዚያ በልማዷ ደግሞ ከላይ በእፍኟ በተን አደረገች።

ምሽት ላይ ብርሃኑ ገና ሙሉ ነበር፤ እዚያ አገር በዚህ ወቅት ፀሐይ ቶሎ አትገባም። ጠረጴዛው ላይ ከሱቅ የተገዛ ስስ ቂጣ ተደረደረ። ድስቱ መሃል ተቀመጠ። ሜራቭ ስልኳን ከፍ አድርጋ ሁሉንም ፎቶ አነሣች። አባ ዋኘው ባረኩና «በሉ፣ ልጆቼ» አሉ።

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳኒኤል የቱናውን ቆርቆሮ ከፈተ።

«ምንድነው ይኼ?»

«ቱና ነው፣ አባ።»

«ዓሣ መሆኑን አያለሁ። ለምን ከፈትከው ነው የምልህ።»

ዳኒኤል ወደ እህቱ ዞረ። በዕብራይስጥ «አልነገርሽውም?» አላት።

«እናያለን ብለህ ነበር» አለች ሜራቭ።

«አየሁ። አይቼም አልችልም።»

«ጠዋት ቆንጆ ነው አላልከኝም?» አሉ አባ ዋኘው።

«ቆንጆ ነው። አባ፣ እጅህ ምንም አልጎደለውም። ፈቃድ ነው የሌለው።»

«አንተን አዝሎ ያመጣህ እጅ ፈቃድ ነበረው?»

ዳኒኤል ፊቱ ቀላ። «ሥራዬ ነው። እዚህ የበላሁትን እዚያ ለሰው እንዴት እከለክላለሁ? እንድዋሽ ነው የምትፈልገው?»

እውነቱን ነበር። ይኼ ነው የሚያቃጥለው። ልጁ ግብዝ ቢሆን ይሰደብና ይወጣል፤ ከልቡ ስለሆነ ግን የሚሰደብበት አፍ ጠፋ። አባቱን በንጹሕ ኅሊና የሚያዋርድ ልጅ አሳድገን «ተማረልን» ብለን እልል ያልነው እኛ ነን።

አባ ዋኘው ወደ ሮተም አዩ። ልጅቷ እጇን በእጅጌዋ ውስጥ ሰብስባ ነበር። «ሳባ» አለች አያቷን፣ «እኔ ቲቭኦኒት ነኝ፤ ሥጋም እንቁላልም አልበላም። ደግሞ… አውቀው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት እኮ በሕይወት ነበር።»

«እግርሽን ሲነክስሽ ነው ያወቅሽው?» አሉ አባ ዋኘው፤ ማንም አልሳቀም።

«በቃ፣ ያላ፣ ተዉት» አለች ሜራቭ፤ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ «ለዛሬ ሁላችንም ቱና እንብላ። ጠብ አያስፈልግም። አባዬ፣ ነገ ደግሞ…»

«አንቺስ? ባሕር ውስጥ የሚርመሰመሰውን ሁሉ የምትበዪው?»

«እኔማ እበላ ነበር። ዳኒ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«እኔስ?» አሉ አባ ዋኘው።

ውጭ በግ ጮኸ።

ደጊቱ ያኔ ነው የተነሣችው። ፈረሰኛውን፣ ለአባወራ የሚወጣውን ብልት፣ መርጣ አወጣችና ሳህናቸው ላይ አኖረች። «ይብሉ እርስዎ። ሲበርድ አይሆንም።»

«አንቺ አትበዪም?»

«እኔ ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ» አለች።

አባ ዋኘው ቆርሰው ጎረሱ። ምላሳቸው ተቃጠለ። ወጡ ጨው ነበር፤ ጨው ብቻ፤ በሁለት ሦስት በኩል የገባ ጨው። ይህች ሴት ካገቧት ጀምሮ በሐዘን ቀን እንኳ ጨው የበዛበት ወጥ አቅርባ አታውቅም። አንድ ጊዜ በማንኪያ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ብትቀምሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህ አይሆንም ነበር። አልቀመሰችም። ሚስታቸው የእጃቸውን እርድ ከንፈሯ አላስነካችም። ድስቶቿን ከጣለችበት ቀን ጀምሮ ልጇ የማይበላውን አትበላም ኖሯል፤ አጠገባቸው ስታድር፣ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ ቢላውን ሲስሉ «አይዞዎት» እያለች። እርሳቸው የልጆቻቸውን አፍ ሲጠብቁ የሚስታቸውን ጠይቀው አያውቁም።

አዩዋት። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ እያጠፈች ትዘረጋ ነበር።

ጉርሻቸውን ዋጡ። «ጥሩ ነው» አሉ።

ፈረሰኛውን እስከ አጥንቱ ጨረሱት። ውሃ ጠጡና ተነሡ።

ጠዋት ከካቡ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ደጊቱ ሳህን ይዛ ወጣች። ሳህኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብልት ነበረች። ፀጉሯ በሻሽ ያልተሸፈነ ነበር፤ እንዲህ ሆና ከቤት ወጥታ አታውቅም። ከፊታቸው ቆመች።

«አጠገብዎ ሆኜ ልብላው ብዬ ነው» አለች።

አባ ዋኘው በጎቹን እያዩ «ተይው» አሏት። «ጨው በዝቶበታል።»

ሳህኑ እጇ ላይ ቀረ። ምን እንዳወቁ አወቀች። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን ይቅርታው ለየትኛው ዓመት እንደሚሆን አልታወቃትምና ዘጋችው። ተመልሳ ገባች።

የቀሩትን ቀናት እርስ በርስ እንደ እንግዳ ተከባብረው አሳለፉ። ሐይቅ አዩ፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት አዩ፣ ዝናብ መታቸው። ድስቱን አባ ዋኘው ብቻቸውን፣ ውሃ እየጨመሩ እያሞቁ፣ በየቀኑ ከፍለው ጨረሱት። ሜራቭ የዚያን ምሽቱን ፎቶ ለዓለም ሁሉ አሳየች፤ ማዕድ፣ ድስት፣ ነጭ ነጠላ፣ «የአባዬ ሕልም ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ። ከሻአሪያ እስከ ሮሽ ሃዓይን ያለ ዘመድ ሁሉ ልብ ላከላት። ገና ያልተከፈተው የቱና ቆርቆሮ ከፎቶው ተቆርጦ ወጥቷል።

ከተመለሱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ «ዋኘው፣ ባረክህላቸው አሉ። በሉ ልጆቹ?» አሏቸው።

«አገሩ ጥሩ ነው» አሉ አባ ዋኘው። «በግ ሞልቷል።»

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሜራቭ ደወለች። ደጊቱ ምጣዷን ታጥብ ነበርና ስልኩን አባ ዋኘው ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት።

«አባዬ፣ የቤቱ ባለቤት ጽፋልኛለች። የማብሰያ ዕቃ መሳቢያው ውስጥ ቢላ ረስታችኋል ትላለች። ፎቶ ልካለች። ያንተ ነው እኮ፣ የአያቴ። በፖስታ ልላክላችሁ ወይ ትላለች።»

የውሃው ድምፅ ቆመ። ደጊቱ ቧንቧውን ዘግታ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እጇ እየተንጠባጠበ ቆማ ነበር።

«የእኔ አይደለም» አሉ አባ ዋኘው።

«እንዴት አይደለም? እጀታው ላይ ያለው ሽቦ እንኳ…»

«የሴትዮዋ ነው» አሉ። «ዳቦ ትቁረጥበት።»